ለጊዜው ሌላ ስቴት ሄጄ ስሠራ ታክስ የምከፍለው ለየትኛው ነው?

ነርሷ ከጆርጂያ፦
ሰላም ወገኖች፣ እንዴት ናችሁ። ቤታችን ጆርጂያ ነው፣ ባለቤቴም ልጆቼም እዛው ናቸው። እኔ ግን ባለፈው ዓመት በኤጀንሲ የ13 ሳምንት ኮንትራት ይዤ ካሊፎርኒያ ሄድኩ፣ ሲያልቅ ኤክስቴንድ አደረጉልኝ፣ ከዛም ሌላ ተጨመረበት፣ እንዲህ እንዲህ እያልኩ ከግማሽ ዓመት በላይ እዛ ሠራሁ። የተከራየሁት በወር በወር የሚከፈል ዕቃ የተሟላለት ክፍል ነበር። አሁን ደብልዩ ቱ (የዓመቱን ደሞዝና የተቆረጠውን ታክስ የሚያሳየው ከአሠሪ የሚመጣ ወረቀት) ሲመጣልኝ ስቴት የሚለው ላይ ካሊፎርኒያ ብቻ ነው የተጻፈው፣ ጆርጂያ የሚባል ነገር የለውም። አብራኝ የምትሠራ ልጅ ደግሞ ስድስት ወር ካለፈሽ አለቀልሽ፣ የካሊፎርኒያ ነዋሪ ሆነሻል፣ የባልሽ ደሞዝ ጭምር ይቀረጣል አለችኝ። እውነት ነው እንዴ? ለሁለቱም ስቴት ልከፍል ነው ማለት ነው? የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ፣ ጭንቀት ሊገድለኝ ነው።

ታክስ ሠራተኛው፦
እህቴ መጀመሪያ ተረጋጊ። ይሄ የስድስት ወር ነገር ሰዉ ሁሉ እየተቀባበለ የሚያወራው ነው ግን በሁሉም ስቴት አንድ ዓይነት አይደለም። ለምሳሌ ኒውዮርክ ከ183 ቀን በላይ ከቆየሽ እና ደግሞ እዛ ቋሚ መኖሪያ ካለሽ እንደ ነዋሪ ይቆጥርሻል፣ ሁለቱም መሟላት አለባቸው። ካሊፎርኒያ ግን የሚያየው የመጣሽበትን ምክንያት ነው፣ ለጊዜያዊ ጉዳይ ነው ወይስ ለመኖር ነው የመጣሽው የሚለውን። በዓመቱ ውስጥ ከ9 ወር በላይ እዛ ከነበርሽ ነዋሪ ነሽ ብሎ ይነሳል፣ ያም ቢሆን አይደለሁም ብለሽ በማስረጃ መከራከር ትችያለሽ። ከዛ በታች ሆነሽ ደግሞ ኑሮሽን ጠቅልለሽ ከመጣሽ በጥቂት ወርም ነዋሪ ልትሆኚ ትችያለሽ፣ ስለዚህ ቀን መቁጠር ብቻውን አያድንም አይጥልምም።

አንቺን ሳይሽ ባልና ልጆች ጆርጂያ፣ ቤት ጆርጂያ፣ ኮንትራቱ መጨረሻ ቀን አለው፣ ክፍሉም በወር የሚከራይ። መንጃ ፈቃድሽ፣ የመኪናሽ ታርጋ፣ ዜጋ ከሆንሽም ድምፅ ለመስጠት የተመዘገብሽበት፣ ቤታችሁ ላይ ሆምስቴድ (ለሚኖሩበት ቤት የሚሰጥ የንብረት ታክስ ቅናሽ) ካለ እሱም፣ ሁሉም የጆርጂያ ከሆነ በጣም ጥሩ ነው። ዶሚሳይል የሚሉት ይሄ ነው፣ ሥራው ሲያልቅ የምትመለሽበት ቤት። እሱ የሚቀየረው የድሮውን ትተሽ አዲሱ ቦታ ለመቅረት ወስነሽ ስትሄጂ ነው። ከሰማሁት ተነስቼ ስናገር አንቺ የጆርጂያ ነዋሪ፣ ለካሊፎርኒያ ደግሞ ነን ሬዚደንት፣ ማለትም ነዋሪ ያልሆንሽ፣ ነሽ።

ግን ነን ሬዚደንት ነኝ ማለት አልከፍልም ማለት አይደለም! ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ካሊፎርኒያ ቆመሽ የሠራሽበትን ደሞዝ ካሊፎርኒያ ይቀርጠዋል፣ 540 ኤንአር የሚባለውን ፎርም ትሞያለሽ። ጆርጂያ ደግሞ ነዋሪው ስለሆንሽ የትም ያገኘሽውን ገቢ በሙሉ ያያል፣ ግን በዛው ገቢ ላይ ለሌላ ስቴት ለከፈልሽው ክሬዲት ይሰጥሻል፣ ማለትም ከጆርጂያው ታክስ ላይ ይቀንስልሻል። ለምሳሌ ያህል በዛ ደሞዝ ላይ የካሊፎርኒያው 1,800 ዶላር የጆርጂያው 2,100 ቢመጣ ለጆርጂያ የምትጨምሪው 300 ብቻ ነው። የካሊፎርኒያው ከበለጠ ግን ትርፉን ጆርጂያ አይመልስልሽም። ለዚህ ነው የካሊፎርኒያውን ቀድመሽ ጨርሰሽ ከዛ የጆርጂያውን የምትሠሪው፣ የክሬዲቱ ቁጥር የሚመጣው ከሱ ነው።

የባልሽን ደሞዝ በተመለከተ፣ እሱ ጆርጂያ ሠርቶ ያገኘውን ካሊፎርኒያ አይቀርጥም። ነገር ግን አብራችሁ ፋይል ስታደርጉ ሬቱን (የታክሱን ፐርሰንት) ለማውጣት ጠቅላላ ገቢያችሁን ያያል። በአንድ ላይ 100,000 አግኝታችሁ ከዛ 40,000ው የካሊፎርኒያ ከሆነ፣ በ100,000 የሚመጣውን ፐርሰንት አውጥቶ 40,000ው ላይ ብቻ ያውለዋል። ፎርሙ ላይ የሱ ገቢ ተጽፎ ስታዪ እንዳትደነግጪ።

ቨርጂኒያዊው፦
እኛ ጋ ደግሞ ነገሩ ቀለል ይላል። ቨርጂኒያ፣ ሜሪላንድና ዲሲ ተስማምተዋል፣ ቨርጂኒያ እየኖርክ ሜሪላንድ ብትሠራ ደሞዝህን የሚቀርጠው ቨርጂኒያ ብቻ ነው። ሜሪላንድ የሚሠራ ኤምደብልዩ 507 የሚባለው ለአሠሪ የሚሰጥ የሜሪላንድ ፎርም ላይ የቨርጂኒያ ነዋሪ ነኝ ብሎ መሙላት አለበት፣ ካልሞላ ይቆረጥበትና ሪፈንድ ለማግኘት ፋይል ያደርጋል። ዲሲ እንዲያውም ውጭ የሚኖር ሰው ደሞዝ ላይ ታክስ እንዳይጥል ኮንግረስ ከልክሎታል። ጆርጂያ ግን ከማንም ጋር እንዲህ ያለ ስምምነት የለውም፣ ስለዚህ እህታችን ከላይ የተባለውን ነው የምትከተለው።

ዳላስ ያለሁ፦
ቴክሳስ ያላችሁም አንብቡት ይሄን። የኛ ስቴት የደሞዝ ታክስ የለውም ብላችሁ ካሊፎርኒያ ወይ ሚኒሶታ ሠርታችሁ ዝም አትበሉ፣ የሠራችሁበት ስቴት ይፈልጋችኋል፣ ቤት ደግሞ የምትከፍሉት ስለሌለ ክሬዲት የሚባል ነገርም የለም፣ የከፈላችሁት ከፈላችሁ ነው። ኮንትራት ስትደራደሩ ይሄን አስቡበት እጅ ላይ የሚደርሰው ይለያያል።

ሌላ ነገር፣ ኤጀንሲው ለቤትና ለምግብ ብሎ ታክስ ሳይቆርጥ የሚሰጠው ስታይፔንድ የፌደራል ጉዳይ ነው፣ ከስቴት ነዋሪነት ጋር አታምታቱት። አይአርኤስ (የፌደራሉ ታክስ መሥሪያ ቤት) አንድ ቦታ ያለ ሥራ ከአንድ ዓመት በላይ ይቆያል ተብሎ ከታሰበ ጊዜያዊ አይለውም፣ ያኔ ስታይፔንዱም ይቀረጣል። ኤክስቴንድ ስታደርጊ ከአንድ ዓመት እንደሚያልፍ ካወቅሽበት ቀን ጀምሮ ማለት ነው፣ ዓመቱ እስኪሞላ አይጠበቅም። እዛው ሆስፒታል ደጋግመሽ ከመፈረምሽ በፊት እዪው።

ነርሷ ከጆርጂያ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁም፣ አሁን ገባኝ። አንድ ጥያቄ ብቻ፣ ዓመቱን ሙሉ ለጆርጂያ ከኔ ደሞዝ ምንም አልተቆረጠም፣ ልዩነት ከመጣ በአንዴ ልከፍል ነው?

ታክስ ሠራተኛው፦
አዎ ፋይል ስታደርጊ ይመጣል፣ ግን አብራችሁ ፋይል ስለምታደርጉ የባልሽ ላይ የተቆረጠው ሊሸፍነው ይችላል። ዘንድሮም ከሄድሽ ባለቤትሽ ሥራ ቦታው ላይ ትንሽ ጨምረው እንዲቆርጡለት ያድርግ ወይ በየሩብ ዓመቱ ኤስቲሜትድ (በግምት ቀድሞ የሚከፈል ታክስ) ክፈሉ። የኪራይ ውሉን፣ ኮንትራቶቹንና የአውሮፕላን ትኬቶቹን አትጣዪ፣ ካሊፎርኒያ ደብዳቤ ከላከ የሚጠይቀው እነሱን ነው።