የድሮ ቤት ልስን ለማደስ ፈልጌ መላው ጠፋኝ

ሰላም ወገኖች፣ አንኮበር ነው ያለሁት። አባታችን ያወረሱን ቤት በድንጋይና በጭቃ የተሠራ ነው፣ ከፊቱም የእንጨት በረንዳ አለው። ወደ መንገዱ በኩል ያለው ልስን እየተላቀቀ ነው። የእኛን አገር ዝናብና ጉም የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ አንድ ክረምት ከደገመው ግድግዳው ራሱ መሸርሸሩ አይቀርም።

ችግሩ ሰፈሩ በቅርስ ክልል ውስጥ ነው። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ከመጠገኑ በፊት ፈቃድ ይጠይቃል። እሺ፣ ልጠይቅ። ግን አንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ይልከኛል፣ ሌላው ደግሞ «ፕላን አምጣ» ይላል፣ ለልስን ምን ዓይነት ፕላን እንደሚነሣ የሚነግረኝ ግን የለም።

ግንበኛው «በሲሚንቶ እንለስነውና ተገላገል» ይለኛል። አልተዋጠልኝም። ሲሚንቶ በጭቃ ግድግዳ ላይ እርጥበቱን አፍኖ ይይዛል፣ ቆይቶ ተሰነጣጥቆ ይረግፋል። ኖራና አሸዋ ይሻላል፣ ግድግዳው ይተነፍሳል፤ ግን በኖራ መለሰን የሚችል ባለሙያ አጣሁ። ወንድሜ ደግሞ መስኮቱን በአሉሚኒየም እንቀይረው ብሎ ያደርቀኛል (እሱ አዲስ አበባ ነው የሚኖረው፣ ምን ቸገረው)።

እዚሁ ወይም ደብረ ብርሃን አካባቢ እንዲህ ያለ ቤት ያደሰ ካለ፣ መጀመሪያ የገባው የት ቢሮ ነው? ምን ወረቀት ይዞ? አዋጁ ወጪው ከባለቤቱ አቅም በላይ ሲሆን መንግሥት ከፊሉን ሊሸፍን ይችላል ይላል፤ በተግባር ያገኘ ሰው አለ? የኖራ ልስን የሚችል ሰው የምታውቁም ጠቁሙኝ፣ ከክረምት በፊት መጀመር አለብኝ።