ያልተከፈለ የተረኝነት ክፍያ፦ በቃለ ጉባኤው ላይ ልፈርም?

በጎጃም በአንድ የወረዳ ከተማ ሆስፒታል የምሠራ ጠቅላላ ሐኪም ስሆን፣ ለወራት ስላልተከፈለን የተረኝነት ክፍያ ከጤና መምሪያው ጋር እንድደራደር ባልደረቦቼ ወክለውኛል። መምሪያው አሁን ግማሹን ተቀብለን ቀሪውን እንደማንጠይቅ የሚገልጽ ቃለ ጉባኤ አቅርቦልናል፤ ሌሊቱን ሙሉ እናቶችን ሲያዋልዱ ያደሩ ሰዎችን የላብ ዋጋ በእኔ ፊርማ እንዳላስቀር እጅግ እሰጋለሁ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የመንግሥት ሠራተኞችን ስለማይሸፍን በኅብረት ስምምነት መከራከር አልቻልንም፤ ሥራ ማቆምንም፣ በሽተኛ ከሩቅ ቀበሌ በቃሬዛ እየመጣ፣ ኅሊናዬ አይቀበለውም። ለመንግሥት ሠራተኞች አስተዳደር ፍርድ ቤት በጋራ ማመልከት እንችላለን ወይስ እያንዳንዳችን ለየብቻ? «ቀሪውን የመጠየቅ መብታችን እንደተጠበቀ ሆኖ» የሚል ሐረግ ጨምረን ብንፈርምስ በሕግ ፊት ይጠቅመናል? በዚህ መንገድ ያለፋችሁ እባካችሁ ምከሩኝ፤ መልስ የምሰጠው ሰኞ ጠዋት ነው።