«ቴብልድ» ማለት ምንድን ነው? ቀቢው ነገ ጠዋት ነው የሚመጣው!

ማሂ፦ ቤተሰብ ቶሎ ድረሱልኝ። እማዬ በሯን አረንጓዴ ለማስቀባት የሰፈሩን የቤት ባለቤቶች ማኅበር ፈቃድ ጠይቃ ነበር። ዛሬ በእንግሊዝኛ መልስ መጣ፤ ጥያቄዎ በስብሰባው «ቴብልድ» ተደርጓል ይላል። እኔ «ጠረጴዛ ላይ ቀርቧል» አልኳት። እሷ ተፈቀደልኝ ብላ ቀለሙን ገዝታ መጣች። ቀቢው ነገ ሁለት ሰዓት ይደርሳል። ተሳስቻለሁ እንዴ?

ጋሽ ሰዋስው፦ ልጄ፣ «ቴብል» ከላቲኑ «ታቡላ» የመጣ ነው። ጣውላ፣ ሰሌዳ ማለት ነው። የምትውጪው ታብሌትም፣ ልጆቹ የሚያፈጡበትም የዚያው ዘር ነው። የእኛ «ጠረጴዛ» ግን ግሪክ ነው፣ «ትራፔዛ»። ዛሬ አቴንስ ላይ ትራፔዛ የት አለ ብትዪ ባንክ ያሳዩሻል። የጥንት ገንዘብ መንዛሪዎች ጠረጴዛ ዘርግተው ስለሚሠሩ...

ብሩክ፦ ጋሼ፣ ቀቢው ነገ ነው ሃሃሃ

የለንደኗ፦ ለውይይት ቀረበ ማለት ነው የኔ እህት። እዚህ ሥራ ቦታ ሁሌ የምንለው ነው። ቀረበ እንጂ ተፈቀደ አይልም።

አቤል፦ ቆይ፣ የገዛ በሯን ለመቀባት ፈቃድ ምን ያደርግላታል?

ሄለን፦ ለውይይት ቀረበ ማለት ነው።

ብሩክ፦ ተብሏል እኮ ሄሉ።

ዳኒ፦ አሜሪካ ከሆናችሁ ግን ተገላቢጦሽ ነው፤ «ለጊዜው ይቆይ ተባለ» ማለት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እንግሊዞቹ አንድ ሰነድ «ቴብል» እናድርግ ሲሉ፣ አሜሪካኖቹ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጥ ያሏቸው መስሏቸው ብዙ ተጨቃጭቀዋል። የእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረው ቸርችል ጽፎታል። ለካ ሁለቱም የሚፈልጉት አንድ ነገር ነበር። ማሂ፣ የት አገር ናችሁ? ደብዳቤው ላይ «ከለር» የሚለው ሲጻፍ እንደ እንግሊዞቹ ዩ አለው ወይስ እንደ አሜሪካኖቹ የለውም?

ማሂ፦ ዩ የለውም። ሜሪላንድ ነን፣ አላልኩም እንዴ?

ዳኒ፦ አላልሽም! በይ ቀቢውን አሁኑኑ አስቀሪው፣ ቅጣት እንዳይመጣባት። ከዚያ መቼ እንደሚታይ ማኅበሩን በጽሑፍ ጠይቂ። አንድ አባል «ከጠረጴዛው አንሥተን እንየው» ካላለ እዚያው ሊቀር ይችላል።

አቤል፦ የገዛ በሯን እኮ ነው!

ጋሽ ሰዋስው፦ «ባንክ»ም ቢሆን ከጣሊያን «ባንኮ» ነው፣ አግዳሚ ወንበር።

ብሩክ (በማግስቱ)፦ ማሂ? በሩ ምን ሆነ?