«መጭ ነው» ሲባል ምን ማለት ነው?

የቦርከናው፦ ከሚሴ አጠገብ፣ ጨፋ ረግረግ ዳር የሚኖሩ አክስቴ ስለ እህቴ እጮኛ ሲጠየቁ «አበባው አታሏችሁ ነው፤ መጭ ነው» አሉ። መጭን አውቀዋለሁ፤ ክረምቱ ሲወጣ ውኃ ያዘለውን መሬት ቢጫ የሚያለብሰው፣ ከሩቅ ኑግ የሚመስለው ነው። ግን «ፍሬ የለውም» ማለታቸው ነው ወይስ «ያልሆነውን መስሎ ቀረበ»? ሽማግሌዎቹ እሑድ ይመጣሉ።

ቅኔ ዘራፊ፦ ከሥሩ እንጀምር። መጭ «መጸው» ነው። ጸጉር ጠጉር እንደሚሆን ጸ ወደ ጠ፣ ጠ ደግሞ ወደ ጭ ሄደ። በማኅሌተ ጽጌ ሰሞን ማበቡ ምስክር ነው።

የዋሸራው፦ ወንድሜ፣ ጠ ጭ የሚሆነው በ«ይ» ነው፤ መረጠ፣ መራጭ። መጸው በ«ው» ያበቃል፤ በ«ው» አብቅቶ ጭ የሆነ አንድ ቃል አምጣ። ይህን ለማወቅ ቅኔ መቁጠር አያስፈልግም፤ እኔ ግን ቆጥሬያለሁ።

ሰሚራ፦ መጸው ማለት ጸደይ አይደለም እንዴ?

የዋሸራው፦ እግዚኦ! መጸው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ነው። ጸደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25፤ በልግ የምትሉት። መስከረም በጠባ ቁጥር ራዲዮኑ ሁሉ ይሳሳታል።

ደረሳው፦ የቆሎ ተማሪዎች ስትጨቃጨቁ እኛ ሦስተኛውን ቡና ጠጣን። አብሽር የቦርከናው፣ ልጁ ምን ሠርቶ ነው?

የቦርከናው፦ ምንም። ጥሩ ለባሽ ነው።

ዘር ቆጣሪ፦ ግብርና ነው ያጠናሁት። መጭ ጊዞቲያ ስካብራ፣ ኑግ ጊዞቲያ አቢሲኒካ ይባላሉ። ኑግ ከዱሩ መጭ ተለምዶ የወጣ ነው። እንግዲህ መጭ ኑግን አልመሰለም፤ ልጅ ነው አባቱን የመሰለው። አክስትዎ ልጁን አመሰገኑት ማለት ነው። «ስካብራ» ደግሞ በላቲን ሻካራ ነው፤ ቅጠሉን ዳስሱት።

ቅኔ ዘራፊ፦ ስካብራ፣ ሻካራ! ላቲኑም ከእኛ ነው የሄደው።

የዋሸራው፦ የግዕዝ መዝገበ ቃላት ደራሲው ኪዳነ ወልድ ይህን ሳያዩ ማረፋቸው ደግ ሆነ።

ሰሚራ፦ እኛ ሰፈር ገበሬ «ማሳዬን መጭ ወረሰው» ሲል አረም ማለቱ ነው። ሳይዘሩት ይበቅላል፣ ቢነቅሉት ይመለሳል። ምናልባት አክስትዎ ያሉት ይህን ይሆናል፤ ማን ጠራው?

ደረሳው፦ ከኑግ የተገኘች ሰሊጥ አብራ ትወቀጣለች፤ ከመጭ የተገኘችውስ?

የቦርከናው፦ እሑድ አለፈ። ሽማግሌዎቹ መጡ፤ አክስቴ የኑግ ልጥልጥ በእንጀራ አቀረቡላቸው፣ ስቀውም ሸኟቸው። እሺ ይሁን እንቢ አልገባኝም። ኑግ ማቅረብስ ትርጉም አለው?

የዋሸራው፦ ኑጉን ተወውና፣ በ«ው» አብቅቶ ጭ የሆነ አንድ ቃል አምጣ ያልኩት ሰው የት ገባ?