«ለምን ጥላው አትሄድም?» የሞቀ ትዳር ጀርባን የሚያሳዩ ልብ አንጠልጣዮች ጥቆማ

ሰሞኑን ሁለት ጓደኞቼ በየፊናቸው አንድ ዓይነት ነገር ጠየቁኝ። «ከውጭ ሲያዩት የሞቀ ትዳር የሚመስል፣ በሩ ሲዘጋ ግን ሌላ ጉድ ያለበት ልብ አንጠልጣይ ጠቁሚን» አሉኝ። እንዲህ ያለ ታሪክ ሞልቷል። ችግሩ፣ አብዛኛው ባልየውን ጭራቅ አድርጎ ይስለውና በዚያው ያበቃል። እኔ መጽሐፉንም ፊልሙንም የምመዝነው በአንድ ነገር ነው። «ታዲያ ለምን ጥላው አትሄድም?» የሚለውን የሰው ሁሉ ጥያቄ ምን ያደርገዋል? ጥሩ ሥራ ከሆነ መሐሉ ላይ ስትደርሱ ጥያቄው ከአፋችሁ ይጠፋል። «እንዴት አድርጋ ትውጣ?» እያላችሁ መጨነቅ ትጀምራላችሁ።

ፍጻሜያቸውን አልነግራችሁም። አነሳሳቸውን ግን ሳልነካ ማለፍ አልችልም።

ምንም ያላየ ሰው ከ«ጋስላይት» ይጀምር። ኢንግሪድ በርግማን የተወነችበትን የ1944ቱን ፊልም ማለቴ ነው። መነሻው ፓትሪክ ሃሚልተን በ1938 የጻፈው ተውኔት ነው። ዘመኑ ቤቶች በጋዝ መብራት የሚበሩበት ነው፤ ቦታው ለንደን። ባል ማታ ማታ ከቤት ይወጣል። ትንሽ ቆይቶ የሚስቱ መኝታ ቤት መብራት ደብዘዝ ይላል። ከጣሪያው በላይ ኮቴ ይሰማል። የጋዝ መብራት ነገር እንዲህ ነው፦ በአንዱ ክፍል ሌላ መብራት ሲለኮስ ግፊቱ ይቀንስና የቀሩት ይደበዝዛሉ። እዚያው ቤት ውስጥ ሌላ ሰው መብራት ለኩሷል ማለት ነው። እሷ ግን ይህን ደፍራ ማሰብ አቅቷታል። «ትረሻለሽ፣ ዕቃ ትጥያለሽ» ሲላት ከርሟላ። የሰጣትን ጌጥ ቦርሳዋ ውስጥ ትከተዋለች፤ ስትፈልገው የለም። ሥዕል ከግድግዳ ይጠፋል፤ ያነሳሽው አንቺ ነሽ ትባላለች። የሚያስፈራው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚናገረው በለሆሳስ፣ እንደሚያስብላት ሰው መሆኑ ነው። በርግማን በዚህ ፊልም ኦስካር ወስዳለች።

ዛሬ ሁላችንም «ጋስላይቲንግ» የምንለው ቃል የመጣው ከዚህ ርዕስ ነው። ሜሪያም ዌብስተር መዝገበ ቃላት በ2022 የዓመቱ ቃል ብሎ መርጦታል። አሁን አሁን ተራ ውሸትም ጋስላይቲንግ ይባላል። ፊልሙን ያየ ሰው ግን ልዩነቱን አይስትም። ውሸታም ሰው እሱን እንድታምኚው ይፈልጋል። ይህ ባል የሚፈልገው ራስሽን እንዳታምኚ ነው።

«ስሊፒንግ ዊዝ ዘ ኤነሚ» የ1991 ፊልም ነው፤ ከናንሲ ፕራይስ ልብ ወለድ የተወሰደ። ባሕር ዳር ያለ ሰፊ ቤት፣ መልከ መልካም ባል፣ ጁሊያ ሮበርትስ። ታሪኩ ወደ ማሳደድ ከገባ በኋላ ያለው እንደማንኛውም የዚያ ዘመን ፊልም ነው፤ አሁን ሳየው ብዙም አይይዘኝም። የመጀመሪያው ክፍል ግን ዛሬም ያመኛል። መታጠቢያ ቤት ውስጥ ፎጣዎች ተሰቅለዋል። አንዱ ከሌላው ትንሽ ዝቅ ብሏል። ባልየው ያያታል፤ አይቆጣም፣ ያሳያታል ብቻ። እሷ ጠርዙን ከጠርዝ ጋር ስታስተካክል እጇን ተመልከቱ። ቁም ሣጥን ውስጥ ያሉት ጣሳዎችም እንደ ወታደር ተሰልፈዋል። ገና ዱላ ሳናይ በዚያ ቤት መኖር ምን ማለት እንደሆነ ገብቶናል። ውኃ የምትፈራ የምትመስለው ሴት ተደብቃ ዋና ተምራለች፤ ማምለጫዋን እንዲህ ቀስ እያለች ነው የሠራችው። ፎጣዎቹ በኋላ አንድ ጊዜ ተመልሰው ይመጣሉ። የት እንደሆነ አልናገርም።

እስካሁን ካየሁት ሁሉ አንደኛ የማደርገው «ቢግ ሊትል ላይስ»ን ነው። የሊያን ሞሪያርቲ መጽሐፍ የወጣው በ2014 ነው፣ ተከታታይ ድራማው በ2017። መጽሐፉ አውስትራሊያ ነው የሚካሄደው፣ ድራማው ካሊፎርኒያ። ሴለስት ጠበቃ የነበረች፣ የመንታ ወንዶች እናት ናት። ባሏ ከእሷ ዕድሜው ያንሳል፣ ልጆቹን ሲያጫውት ላየው ያስቀናል። ሰዉ እንደ ፍቅር ምሳሌ ነው የሚያያቸው።

ሴለስት ሥነ ልቦና አማካሪ ፊት የምትቀመጥባቸው ትዕይንቶች አሉ። ኒኮል ኪድማን እዚያ ላይ የምትሠራውን ደጋግሜ አይቻለሁ። አማካሪዋ ትጠይቃታለች፤ ሴለስት ፈገግ ትላለች። ሁለታችንም ቁጡዎች ነን፣ እኔም እመታዋለሁ ትላለች። ጥፋቱን ለሁለት ታካፍለዋለች። ጥያቄው ሲጠብቅ ዓይኗ ይሸሻል። አማካሪዋም አታጣድፋትም። ቤት ተከራዪ፣ ማቀዝቀዣውን ሙዪው፣ ለአንድ ጓደኛሽ ንገሪ ትላታለች። የተናገረችለት ሰው ከሌለ ነገ ፍርድ ቤት ማን ይመሰክርላታል? ምክሩ የእውነተኛው ሕይወትም ምክር ነው። የምትሄድበት ቀን ከሌላው ቀን ሁሉ የበለጠ አደገኛ ሊሆን ይችላል፤ ሳይዘጋጁ መውጣት ሕይወት ያስከፍላል። «ለምን አትሄድም?» ለሚል ሰው እነዚህን ትዕይንቶች ብቻ ባሳየው ደስ ይለኛል። ኪድማን ኤሚ የተባለውን የቴሌቪዥን ሽልማት ወስዳበታለች፤ ባሏን የተጫወተው አሌክሳንደር ስካርስጋርድም እንዲሁ። ድራማው ሌላም ነገር አይረሳም። ልጆቹ አልሰሙም ብለው የሚያስቡት ወላጆቹ ብቻ ናቸው።

ከመጽሐፉና ከድራማው? እኔ ድራማውን አስቀድማለሁ። መጽሐፉ ይበልጥ ያስቃል፣ ፈጣንም ነው። የሴለስትን ዝምታ የሚያሳየው ግን ካሜራው ነው።

ጉዳዩ የዛሬ ብቻ የሚመስለው ሰው ካለ «ዘ ቴናንት ኦፍ ዋይልድፌል ሆል»ን ያንብብ። አን ብሮንቴ በ1848 አክተን ቤል በሚል የብዕር ስም ያሳተመችው ነው። ልብ አንጠልጣይ ተብሎ አይመደብም፤ መሐሉ ላይ ያለው የባለታሪኳ የሄለን ማስታወሻ ደብተር ግን እንደ ልብ አንጠልጣይ ይነበባል። ሥዕል እየሸጠች ልጇን ይዛ ለመኖር ታቅዳለች። ባሏ ማስታወሻዋን ነጥቆ ያነብና ቀለሞቿንና ብሩሾቿን እሳት ውስጥ ይጨምራቸዋል። አልደበደባትም። መውጫዋን ነው ያቃጠለው። በዚያ ዘመን በእንግሊዝ ሕግ ያገባች ሴት ገቢና ንብረት የባሏ ነበር፤ ስለዚህ መጥፋቷ በራሱ ወንጀል ይመስል ነበር። አጻጻፉ ረጅም ነው፣ ታገሱት።

«ሜይድ» የተባለው የ2021 ተከታታይም ከልብ አንጠልጣይ ጎራ አይደለም። የጠቀስኩት በአንድ ትዕይንት ምክንያት ነው። ወጣቷ እናት ልጇን ይዛ በሌሊት ወጥታ እርዳታ ልትጠይቅ ትሄዳለች። ጥቃት ደርሶብሻል ወይ ስትባል አልደረሰብኝም ትላለች፤ አልመታኝም ብላ ስለምታስብ። እንግሊዝና ዌልስ ሰውን እየተቆጣጠሩ፣ ከወዳጅ ዘመድ እየነጠሉና እያስፈራሩ መኖርን ራሱን የቻለ ወንጀል ያደረጉት በ2015 ነው። ቅጣቱ እስከ 5 ዓመት እስራት ይደርሳል። ያቺ እናት የደረሰባትን በስሙ ለመጥራት ብትቸገር አይገርምም፤ ሕጉ ራሱ የቅርብ ጊዜ ነው።

ማስፈራራቱ ይበልጥ እንዲጠነክር የምትፈልጉ «ዘ ኢንቪዚብል ማን»ን እዩ፣ የ2020ውን። ተዋናይቷ ኤሊዛቤት ሞስ ናት። መክፈቻው ላይ ሴትየዋ አብሯት የሚኖረውን ፍቅረኛዋን በመድኃኒት አስተኝታ በጨለማ ከቤት ትወጣለች። ለደቂቃዎች ንግግር የለም፤ እያንዳንዷ ኮሽታ ታስደነግጣለች። እዚህ ጥንዶቹ ባልና ሚስት ተብለው አልተጠሩም፤ ነገሩ ግን ያው ነው። ፊልሙ «የማይታይ» የሚለውን ቃል በቀጥታ ወስዶታል። ጥቃቱን ሌላ ሰው አያየውም፣ ስለዚህ እብድ የምትመስለው እሷ ናት። ደም አለበት፤ ከልጆች ጋር አይታይም።

በዚህ መሐል ሆን ብዬ የዘለልኳቸው ሁለት ሦስት መጻሕፍት አሉ። ስማቸውን እዚህ ዝርዝር ውስጥ ማስገባት ብቻውን ምስጢራቸውን ያወጣል። በድንገት ብታገኟቸው ይሻላል።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። በዚህ ውስጥ ያለፈች ሰው በቅርባችሁ ካለች፣ ከእነዚህ አንዱን «ይጠቅምሻል» ብላችሁ አትስጧት። ለአንዳንዱ ሰው ትዝታው ገና ትኩስ ነው። አሁንም እዚያ ቤት ካለች ደግሞ ስልኳም መጽሐፏም ይፈተሽ ይሆናል። ብቻዋን ስታገኟት ደኅና ነሽ ወይ ብላችሁ ጠይቁ፣ ከዚያ አዳምጡ።

ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚጠቅሰውን ለመጨረሻ አቆየሁት፦ የቢ ኤ ፓሪስ «ቢሃይንድ ክሎዝድ ዶርስ»፣ 2016። ጃክ በባሎቻቸው ለሚደበደቡ ሴቶች የሚከራከር ጠበቃ ነው፤ ተሸንፎ አያውቅም። ግሬስ ቤቷን አሳምራ እንግዳ ታስተናግዳለች። ስልክ የላትም፣ ኢሜይሏን ከእሱ ጋር ትጋራለች፣ ያለ እሱ የትም አትታይም። ሰዉ ይህን «እንዴት ቢዋደዱ ነው!» ብሎ ይተረጉመዋል። ምዕራፎቹ «ያኔ» እና «አሁን» እየተባሉ ይፈራረቃሉ። ጃክ ለእኔ ይበዛብኛል፤ ክፋቱ አንድም ስንጥቅ የለውም፣ ከእውነተኛ ሰው ይልቅ የተረት ጅብ ይመስላል። ግሬስ ለምን እንደማትሄድ ግን መጽሐፉ በደንብ ይመልሳል። ዳውን ሲንድሮም ያለባት ታናሽ እህት አለቻት፣ ሚሊ፤ ጃክ የያዛት በእሷ ነው። ለሰው ስትናገርም የሚያምናት የለም፣ አእምሮዋ ታሟል ብሎ አስቀድሞ ነግሯቸዋል።

ከእንግዶቹ መሐል አስቴር የምትባል አለች። ጥያቄ ታበዛለች፤ ሲያነቡ ታበሳጫለች። እሷን ዓይናችሁ ውስጥ አስገቧት። የመጨረሻውን ገጽ ደግሞ ቀድማችሁ እንዳትገልጡ፤ እዚያ ያለችው አጭር ንግግር መጽሐፉን በሙሉ ትበልጣለች።