ጥቆማ፦ ጂማት ልፈተን ሦስት ሳምንት ነው የቀረኝ፤ አስጠኚ ልቅጠር ወይስ ኦንላይን?

የገርጂ ልጅ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ውጭ ኤምቢኤ (የቢዝነስ ማስተርስ) እያመለከትኩ ነው፤ ጂማት ደግሞ ለእሱ የሚጠየቀው የመግቢያ ፈተና ነው። ትምህርት ቤቱ ለመግቢያ ጂማት አይጠይቅም፤ ለስኮላርሺፑ ግን ግዴታ ነው አሉኝ። ቀን ሥራ ላይ ነኝ፤ ያለኝ ማታና ቅዳሜ እሁድ ብቻ ነው። እንግሊዝኛው ብዙም አያስፈራኝም፣ ሒሳብ ግን ከነካሁ ቆይቻለሁ። አዲስ አበባ ውስጥ የሞከራችሁት አስጠኚ አለ? ወይስ ማጉሽና ታርጌት ቴስት ፕረፕ የመሳሰሉት ኦንላይን ኮርሶች ይሻላሉ?

ሳሪስ አዲሱ፦ በትምህርት ሚኒስቴር በኩል የሚሰጠውን ጋት፣ የአገር ውስጡን የማስተርስ መግቢያ ፈተና ማለትሽ ነው? የወንድሜ ማስታወሻ አለ፣ በቴሌግራም ልላክልሽ?

ቁርጥ ያለ፦ ቤት ተሳስተሃል ወንድሜ። ልጅቷ ውጭ ልትማር ነው።

የባንክ ቤቱ፦ እህቴ፣ አስጠኚ የሚባል ነገር እንዳትነኪ። እኔ አንዱ ጋ ሙሉውን በቅድሚያ ከፍዬ ገባሁ። የመጀመሪያዎቹን ክፍለ ጊዜዎች በሙሉ ሰዋስው ማረምና ድርሰት አጻጻፍ አስተማረን። በኋላ ኦፊሴላዊውን የሙከራ ፈተና ስከፍት ድርሰት የለ፣ ሰዋስው የለ! ሁለቱም ከቀሩ ቆይተዋል። ብጠይቀው «መሠረቱን እያስያዝኳችሁ ነው» አለኝ። ብሬን መልስ ስለው ስልክ ማንሳት አቆመ።

ትንሿ፦ ቦሌ ያለው ነው?

የባንክ ቤቱ፦ ስም አልጠራም።

ትንሿ፦ ፎቅ ላይ ያለው ነው አይደል? ሊፍቱ የማይሠራው?

የባንክ ቤቱ፦ አልጠራም አልኩ እኮ። ግን ሊፍቱ አይሠራም።

ሳሪስ አዲሱ፦ ደረሰኝ ተቀብለሃል? ደረሰኝ ካለህ መክሰስ ትችላለህ።

የባንክ ቤቱ፦ በሞባይል ባንኪንግ በግል አካውንቱ ነው ያስገባሁለት።

ቁርጥ ያለ፦ የባንክ ሠራተኛ ሆነህ?

የሰላም አባት፦ ልጆች፣ ነገር አታብዙ። የማንሃታን ፕረፕ የጂማት መጻሕፍት ካሉ ሌላ ምንም አያስፈልግም። እኔ በ2004 ዓ.ም. ጥራዞቹን በሙሉ ከአሜሪካ አስመጥቼ ነው ያጠናሁት። የቁጥር ባሕርያትን እንደዚያ አድርጎ የሚያስረዳ መጽሐፍ አላየሁም። እስካሁን መደርደሪያዬ ላይ አሉ።

ሜሪላንድ ነኝ፦ ጋሼ፣ መጽሐፉ ጥሩ ነበር፤ ፈተናው ግን ተቀይሯል። ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ የድሮው ጂማት የለም። በአሁኑ ሒሳብ ክፍል ጂኦሜትሪ እንኳ ወጥቷል።

የሰላም አባት፦ ሒሳብ ሒሳብ ነው። ሁለትና ሁለት አልተቀየረም።

የገርጂ ልጅ፦ አመሰግናለሁ ጋሼ። ግን ከሁለቱ ኦንላይን ኮርሶች አንዱን የተጠቀመ አለ?

ቁርጥ ያለ፦ በሦስት ሳምንት ውስጥ፣ እየሠራሽ፣ ሒሳብ ረስተሽ። ለአስጠኚ የምትከፍይውን ስለት ግቢበት፤ ያ ያዋጣሻል።

ሳሪስ አዲሱ፦ ጂማት የማይጠይቁ ትምህርት ቤቶች ሞልተዋል እኮ። እነሱን ለምን አታዪም?

ሜሪላንድ ነኝ፦ ቁርጥ ያለ፣ ተው እንጂ። የገርጂ ልጅ፣ እኔ ማጉሽን ተጠቅሜያለሁ። ቪዲዮዎቹ አጫጭር ናቸው፤ ከሥራ መልስ ለደከመ ሰው ይመቻሉ። ታርጌት ቴስት ፕረፕ ለሒሳብ ይበልጣል፣ ግን ረጅም ነው። በሦስት ሳምንት አትጨርሽውም፤ ከገዛሽው የምትደክሚበትን ምዕራፍ ብቻ ለቅመሽ ሥሪ። ከሁሉ በፊት ግን የፈተናው ባለቤቶች ድረ ገጽ፣ ኤምቢኤ ዶት ኮም ላይ በነፃ የሚሰጡትን ሁለት ሙሉ የሙከራ ፈተናዎች አውርጂ። አንዱን ዛሬ ማታ ሳታጠኚ ተፈተኚው። ሁለተኛውን ለመጨረሻው ሳምንት አቆዪው።

ፈተናው ሦስት ክፍል አለው፤ እያንዳንዱ 45 ደቂቃ ነው። ሒሳብ 21፣ ቨርባል (እንግሊዝኛው) 23፣ ዳታ ኢንሳይትስ (መረጃ መተንተን) 20 ጥያቄ። በየትኛው እንደምትጀምሪ የምትመርጪው አንቺ ነሽ። በእያንዳንዱ ክፍል መጨረሻ እስከ ሦስት መልስ መቀየር ይፈቀዳል። ካልኩሌተር ያለው ዳታ ኢንሳይትስ ላይ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ማባዛትና ክፍልፋይ በእጅሽ ተለማመጂ። ውጤቱ ከ205 እስከ 805 ነው። የአሁኑ 645 የድሮውን 700 ያህላል፤ የድሮ ቁጥር እየጠሩ የሚያስደነግጡሽን አትስሚ።

ጊዜ የሚበላው ደግሞ «መረጃው ይበቃል ወይ?» የሚለው ዓይነት ጥያቄ ነው። ለምሳሌ፦ አልማዝ ከበደን በስንት ዓመት ትበልጣለች? አንደኛ፣ የሁለቱ ዕድሜ ድምር 50 ነው። ሁለተኛ፣ ከ5 ዓመት በፊት የእሷ ዕድሜ የእሱ ሦስት እጥፍ ነበር። አንዱ ብቻውን አይበቃም፤ ሁለቱ አንድ ላይ ይበቃሉ። እዚያ ላይ አቁሚ! 20 የሚለውን መልስ ማንም አልጠየቀሽም። የእኛ ሰው ግን ሠርቶ ካልጨረሰ እንቅልፍ አይወስደውም፣ ደቂቃው የሚያልቅበትም ለዚህ ነው።

የገርጂ ልጅ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ቤት ሆኜ ብፈተንስ?

ትንሿ፦ መብራትና ኢንተርኔት የምታምኚ ከሆነ። ደግሞ ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው መግባት ክልክል ነው። የኔ እናት «ቡና ደርሷል» ብላ በሩን ሳትከፍት ሁለት ሰዓት አትቆይም። ማዕከል ሄደሽ ተፈተኚ።

ሜሪላንድ ነኝ፦ ስትመዘገቢ ስምሽን ልክ ፓስፖርትሽ ላይ እንዳለው ጻፊ፣ አንድ ፊደል ሳይጎድል። ክፍያው በዶላር ካርድ ስለሆነ እዚያ ካስቸገረሽ ውጭ ያለ ዘመድ ይክፈልልሽ። ባይቀናሽ ከ16 ቀን በኋላ መድገም ይቻላል፤ የማመልከቻው የመጨረሻ ቀን ያንን ይችል እንደሆነ አሁኑኑ ቁጠሪ። ኦፊሴላዊው ጋይድ፣ የፈተናው መለማመጃ መጽሐፍ፣ እጄ ላይ አለ፤ ለጥምቀት በሚመጣ ሰው ልልክልሽ እችላለሁ።

ቁርጥ ያለ፦ ፈተናዋ ኅዳር ላይ ነው፣ መጽሐፉ ለጥምቀት ይደርሳል። አሪፍ ነው፣ ለልጇ ይሆናል።

የባንክ ቤቱ፦ እኔ አሁንም የምለው አንድ ነው፦ ለማንም በቅድሚያ እንዳትከፍሉ። ሰውዬው ዛሬም አዲስ ባች ጀመርኩ ብሎ ለጥፏል።

ትንሿ፦ አየሁት! ሊፍቱ ተሠራ እንዴ?

ሳሪስ አዲሱ፦ የገርጂ ልጅ፣ የቱን ወሰንሽ ታዲያ?

ሳሪስ አዲሱ፦ ጠፋች።

ትንሿ፦ ጋሼ፣ እነዚያን የማንሃታን መጻሕፍት ይሸጡልኛል? ለሒሳቡ ብቻ ነው የምፈልጋቸው።

የሰላም አባት፦ አልሸጥም። ሰላም ትፈተንባቸዋለች።

ቁርጥ ያለ፦ ሰላም ስንተኛ ክፍል ናት?

የሰላም አባት፦ አራተኛ።