አስቸኳይ! ትናንት ያበራ የነበረው ጥሩር ዛሬ አመድ መሰለ

ሸራዬ፦ ቤቶች ድረሱልኝ! ጥሩር የለበሰ ሰው በዘይት ቀለም እየሳልኩ ነው። ፊቱ አልቋል፤ የደረቱ ብረት ግን ሲደርቅ ጥቁሩ ፈዞ ግራጫ ሆነብኝ፤ ቦታ ቦታ ብቻ ያበራል። ቅዳሜ አስረክባለሁ። ቫርኒሽ ልቀባው ወይስ የብር ቀለም ልደርብበት?

ብሩሽ ነካሽ፦ ብረት ሲፈዝ ዘይት ይቀባላ 😂

መምህሩ፦ የብር ቀለሙን ተዪው። ውስጡ ያለው ብናኝ የክፍሉን መብራት ስለሚመልስ ተመልካቹ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ይለዋወጣል፤ ከሳልሽው ብርሃን ጋር አይገጥምም። ብረት የሚያሳየው አካባቢውን ነው፦ የአንገቱ ጥሩር የአገጩን ቆዳ፣ ጎኑ የልብሱን ቀለም ይወስዳል። በርሊን ያለውን፣ ድሮ የሆላንዳዊው ሠዓሊ የሬምብራንት ይባል የነበረውን «ባለ ወርቅ የራስ ቁር ሰው» የተባለ ሥዕል እዪ። የቁሩ ብልጭታ ተቆልሎ የተቀባ ወፍራም ቀለም ነው፤ ዙሪያው ስለጨለመ ነው የሚያበራው።

ሸራዬ፦ እሺ መምህር፣ እኔ ግን የጠየቅኩት ስለ ጥቁሩ ነው!

ጥቁር እንግዳ፦ በምን አቀጠንሽው? ከሥሩስ ምን አለ?

ሸራዬ፦ በተርፐንታይን ብቻ። ከሥር አንድ እጅ አክሪሊክ ጌሶ (ሸራው ላይ ከመሳል በፊት የሚቀባው መደብ)።

ጥቁር እንግዳ፦ በቃ፣ ጌሶው ዘይቱን መጦታል። ቀለሙ አልጠፋም፤ ዘይት ነው ያጣው። ጣትሽን አስነኪው፣ ካልያዘ ደርቋል ማለት ነው። የተልባ ዘይትና ተርፐንታይን እኩል ለእኩል ቀላቅለሽ በጨርቅ ስስ አድርገሽ አሺው፤ ጥቂት ደቂቃ ቆይተሽ እስኪደርቅ ድረስ ጥረጊው። ከተረፈ ይቋጥራል፣ በኋላም ቢጫ ይሆናል። ጥቁሩ ከተመለሰ በዚያው ላይ ሥሪ። የመጨረሻ ቫርኒሽ ቢያንስ 6 ወር ይጠብቃል፤ ለቅዳሜ ከፈለግሽ ስስ የሪታች ቫርኒሽ (ለጊዜው የሚቀባው) ይበቃሻል።

ብሩሽ ነካሽ፦ እኔስ ምን አልኩ!

አዲስ ገቢ፦ ዘይት ቀቢው። የወይራ ይሆናል?

ጥቁር እንግዳ፦ አይሆንም፣ የወይራ ዘይት አይደርቅም! የሠዓሊ የተልባ ዘይት ይሁን።

መምህሩ፦ ስትመለሺበት አይቮሪ ብላክ የሚባለውን ጥቁር ብቻውን አትጠቀሚ፣ ለመድረቅ ይዘገያል። አልትራማሪንን (ሰማያዊውን) በበርንት አምበር (በቡናማው) አጨልሚው፤ አምበሩ ማንጋኒዝ ስላለው ያፈጥነዋል። ነጩ ብልጭታ ሁለት ሦስት ቦታ ብቻ፣ በመጨረሻ፣ ሳይታሽ፤ አንዱ ጠርዙ ስለት ይምሰል።

ጥቁር እንግዳ፦ ዘይት የነካውን ጨርቅ ጨምድደሽ እንዳትጥዪ፤ ራሱ ሞቆ ይቀጣጠላል። ዘርግተሽ አድርቂው።